ጭነት አውሮፕላንን እንዴት ይጥላል፦ ከመሀል አዲስ አበባ በአየር ዕቃ ለሚልኩ

የጭነት አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩና ስለ አብራሪው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የካርጎ በረራ ግን አንድ የራሱ ጉዳይ አለው፤ ዕቃውን ያሸገውና ስሙንና ክብደቱን ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው አውሮፕላኑን በዓይኑ አያየውም። ከመርካቶ በአይሱዙ የወጣ በርበሬ፣ ከሽሮ ሜዳ የመጣ የሀበሻ ቀሚስ፣ ከምን አለሽ ተራ የተገዛ የጄኔሬተር ሞተር ቦሌ ሲደርሱ ከማያውቋቸው ዕቃዎች ጋር አንድ ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ የሚታሰርበት መደብ) ላይ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እነሱ የሚናገርላቸው ወረቀቱ ነው። ጫኙም፣ ሚዛኑን የሚያሰላውም፣ አብራሪውም የሚያውቁት ወረቀቱ የነገራቸውን ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ የአደጋ መንስኤዎቹን እዚህ የምናያቸው ከላኪውና ከትራንዚተሩ (ሰነዱን ከሚያስፈጽምለት ወኪል) ጠረጴዛ ተነስተን ነው። በእጅዎ ያሉትን ሰፋ አድርገን፣ የሌሉትን አጠር አድርገን።

ክብደቱ ስንት ነው? የትኛው ክብደት?

ኤር ዌይ ቢል (የአየር ጭነት ሰነድ) ላይ ሁለት ክብደት ይሰፍራል፤ አንዱ ዕቃው ከነማሸጊያው የሚመዝነው፣ ሌላው ክፍያ የሚታሰብበት። ካርቶኑ 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሦስቱን ያባዙና ለ6,000 ያካፍሉ፤ 20 ኪሎ ይወጣል። ውስጡ ያለው ቀሚስ ከነካርቶኑ 12 ኪሎ ቢመዝን የሚከፍሉት የ20 ነው፤ አውሮፕላኑ የሚሸከመው ግን 12 ነው። ያው ካርቶን በበርበሬ ተጠቅጥቆ 38 ኪሎ ቢደርስ ደግሞ ክፍያውም ሸክሙም 38 ይሆናል። ስህተቱ የሚገባው ፓኪንግ ሊስቱን (የታሸገውን ዕቃ ዝርዝር) የሚጽፈው ልጅ ሁለቱን ሲያምታታ፣ ወይም ዕቃውን ሳይታሸግ መዝኖ የእንጨት ፓሌቱን፣ የፕላስቲኩንና የገመዱን ክብደት ሲረሳ ነው። አንድ የእንጨት ፓሌት ብቻውን 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል።

ሌላው የመርካቶ ልማድ ነው። «አንድ ኩንታል» የሚባለው ጆንያ ሁልጊዜ 100 ኪሎ አይደለም፤ 96ም 104ም ይሆናል። ለችርቻሮ ገበያ ይህ ምንም አይደለም። ሃምሳ ጆንያ ላይ ግን የአራት ኪሎ ልዩነት ሁለት ኩንታል ነው። እያንዳንዱን ይመዝኑ። ከመመዘንዎ በፊት ሚዛኑን ራሱን ይፈትሹ፦ አንዱን ካርቶን መሀሉ ላይ፣ ከዚያ አራቱም ማዕዘን ላይ ያስቀምጡት። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ከተለያየ ሚዛኑ ደልዳላ ወለል ላይ አልተቀመጠም ወይም ተበላሽቷል። በክረምት ደግሞ የታሸገ ዕቃ ክፍት መኪና ላይ አያሳድሩ። ካርቶን ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይቀንሳል። ታች ያለው ካርቶን ሲጨፈለቅ ከላይ ያለው ሁሉ ያጋድላል፤ ዕቃውን ፓሌቱ ላይ የሚይዘው መረብም ይላላል።

ቦሌ መጋዘን ላይ ድጋሚ ይመዘን የለ ወይ? ይመዘናል። ሚዛኑ የሚያየው ግን ድምሩን ነው። የትኛው ካርቶን ውስጥ ብረት እንዳለ፣ የትኛው ውስጥ ጨርቅ እንዳለ አይነግርም።

ክብደት ቦሌ ላይ ከብዙ ከተሞች ይልቅ የሚያስጨንቅበት ምክንያት አለ። ማረፊያው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር አልፏል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የፍጥነት መለኪያው 150 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ አሃድ) የሚልለት አውሮፕላን አስፋልቱ ላይ በእውነት የሚሮጠው በ175 ኖት ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት መነሳቱ ተሰርዞ ፍሬን ቢያዝ፣ ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚውጠው ከሲሶ በላይ ይበልጣል። ጎማውም የራሱ የፍጥነት ጣሪያ አለው።

የተሳሳተ የክብደት ቁጥር ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ላይ ታይቷል። አንድ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን 353 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። መርማሪዎች እንዳመኑበት ለመነሻው ስሌት የዋለው ከቀደመው በረራ የቀረ 240 ቶን ሳይሆን አይቀርም። ለሞተሩ የታዘዘው ግፊት ለቀላል አውሮፕላን የሚሆን ነበር። ጅራቱ መሬት እየመታ ማኮብኮቢያውን ጨረሰ፤ ሰባቱም ሠራተኞች ሞቱ። እዚያ ላኪ አላጠፋም። ግን አውሮፕላን ቁጥርን ምን ያህል እንደሚያምን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ክብደቱ የት ተቀመጠ?

ድምሩ ልክ ሆኖም አውሮፕላን ሊወድቅ ይችላል። ከ60 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አውሮፕላን የክብደቱ መሀል ወደፊትና ወደኋላ እንዲሄድ የሚፈቀድለት ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እርሳስ ይዘን እናስላው። 6,000 ኪሎ የሚመዝን ፓሌት ከመሀሉ 12 ሜትር ወደፊት እንዲቀመጥ ታቅዶ በስህተት 12 ሜትር ወደኋላ ቢቀመጥ 24 ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። 6,000 ሲባዛ በ24፣ 144,000። አውሮፕላኑ 300 ቶን ቢሆን ለ300,000 ያካፍሉ፤ መሀሉ 48 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ሸሽቷል። ከተፈቀደው ክልል ሩብ ያህሉን አንድ ፓሌት በላው። የጅራቱ አግድም ክንፍ ግን የተስተካከለው በወረቀቱ ላይ ላለው መሀል ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው አብራሪው ካሰበው በላይ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1997 ማያሚ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዲሲ-8 የጭነት አውሮፕላን የጂንስ ጨርቅ ጭኖ ተነሳ። ፓሌቶቹ የተደረደሩት መሀሉ ወደኋላ በሚያጋድልበት መንገድ ነበር፤ የጅራቱ ክንፍም ለዚያ አልተስተካከለም። አፍንጫው ሽቅብ ቀጥ አለ፤ ክንፉ አየሩን ለቀቀ፤ አውሮፕላኑ ወረደ። በውስጡ የነበሩት አራት ሰዎችና መሬት ላይ አንድ ሰው ሞቱ። ዕቃው ጨርቅ ነበር፤ ምንም አደገኛ ነገር የለውም።

እርስዎ ፓሌቱን የት እንደሚያስቀምጡት አይወስኑም። የሚወስነው ሰው እንዳይሳሳት ማድረግ ግን ይችላሉ። ከባድ ነጠላ ዕቃ ካለዎት ክብደቱን በወፍራም ማርከር ቢያንስ በሁለት ጎኑ ይጻፉ። ማሽን ከሆነ ክብደቱ ወዴት እንደሚያመዝን ሳጥኑ ላይ ያመልክቱ፤ የሞተሩ ጎን ከባድ ሆኖ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። ብረቱን ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ አጭቀው ሌሎቹን ቀለል አያድርጉ።

ከዚያ ወለሉ አለ። 400 ኪሎ የሚመዝን ማሽን 10 በ10 ሴንቲ በሆኑ አራት እግሮች ቢቆም፣ እግሮቹ የሚረግጡት 0.04 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ይህ በካሬ ሜትር 10,000 ኪሎ ማለት ነው። በብዙ አውሮፕላኖች የልቅ ጭነት ክፍል (ዕቃ ያለ ፓሌት የሚጫንበት) ውስጥ ደግሞ 732 ኪሎ በካሬ ሜትር የሚል ገደብ ይገኛል። ከማሽኑ ሥር 120 በ20 ሴንቲ የሆኑ ሦስት ወፍራም ጣውላዎች ቢያነጥፉ ስፋቱ 0.72 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ጫናው ወደ 556 ይወርዳል። ጣውላው ቀጭን ከሆነና ከጎበጠ ግን ሒሳቡ አይሠራም፤ ጫናው ተመልሶ እግሮቹ ሥር ይከማቻል። ቢያንስ 4 ሴንቲ ውፍረት ያለው ይምረጡ፤ ለውጭ የሚሄድ ስለሆነም በሙቀት የታከመና ማኅተም ያለበት እንጨት ይሁን።

ማሰር

ጆንያ በሲባጎ የማሰር ጥበብ መርካቶ ውስጥ ሞልቷል። አውሮፕላን ላይ ግን ዋናው ነገር የማሰሪያው ማዕዘን ነው፤ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ለ2,268 ኪሎ የተሠራ የጭነት ቀበቶ ያን ሁሉ የሚይዘው ቀጥ ብሎ ሲጎተት ነው። ዕቃው ወደኋላ እንዳይንሸራተት ቀበቶው ከወለሉ በ30 ዲግሪ ቢታሰር ወደ 1,960 ኪሎ ያህል ይይዛል። በ60 ዲግሪ ቢታሰር ግማሹን፣ 1,134 ብቻ። ረጅም ዕቃ አጠገቡ ካለ ቀለበት ላይ ሽቅብ ሲታሰር ለዓይን ጠንካራ ይመስላል፤ ወደኋላ የሚይዘው ግን ትንሽ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2013 አፍጋኒስታን፣ ባግራም ላይ አንድ 747 አምስት ብረት ለበስ መኪናዎች ጭኖ ተነሳ። ከመካከላቸው የመጨረሻው ተፈቶ ወደኋላ ተንሸራተተ። የሃይድሮሊክ መስመሮችን በጠሰ፤ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ብሎን መሰል ዘንግ ሰበረ። አብራሪዎቹ ያን ጊዜ በእጃቸው የቀረ ነገር አልነበረም፤ ሰባቱም ሞቱ። የአሜሪካ መርማሪዎች ጣታቸውን ያሳረፉት በማሰሪያው ስሌት ላይ ነው፤ መመሪያው የማዕዘኑን ጉዳይ በወጉ አላየውም ነበር።

ለላኪው ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላል ነው። ጎማ ያለውን ዕቃ በጎማው ቆሞ አይላኩ፤ ጎማው ይተነፍሳል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ሳጥን ውስጥ ያስገቡት ወይም ከሥሩ ካለው የእንጨት መቀመጫ ጋር በብሎን ያያይዙት። ማሽን ከሆነ ገመድ የሚገባበት ጠንካራ ቀለበት ይኑረው፤ ቱቦና መሪ ላይ ማሰር አይቻልም። ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ፓሌቱን ያንሸራትታል።

እሳት

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የእሳት አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ማሸጊያው ቤት ውስጥ በተጻፈ ወይም ባልተጻፈ አንድ ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሳ 747 የጭነት አውሮፕላን እሳት ተነሳበት። የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወደቀ። ጭሱ ኮክፒቱን ስለሞላው አብራሪዎቹ መለኪያዎቻቸውን ማየት አልቻሉም፤ ሁለቱም ሞቱ። ጭነቱ ውስጥ ብዙ ሊቲየም ባትሪ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መርማሪዎች ቢያንስ ሦስት ጭነቶች አደገኛ ዕቃ ተብለው መገለጽ ሲገባቸው አልተገለጹም ሲሉ ጽፈዋል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1996 ፍሎሪዳ ውስጥ የወደቀው ዲሲ-9 የመንገደኛ ነበር። ከታች ጭነቱ ውስጥ የኦክስጅን ማመንጫ ቆርቆሮዎች ነበሩ። ወረቀቱ «ባዶ» ይል ነበር፤ ባዶ አልነበሩም። 110 ሰው አለቀ።

የሊቲየም ባትሪ ችግሩ አንዱ ሴል ሲግል ጎረቤቱን ማጋሉ ነው። አውሮፕላን ውስጥ የሚረጨው ሃሎን የተባለ እሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ያጠፋል፣ ሴሉ ውስጥ የተጀመረውን መጋል ግን አያቆምም። በብዙ የካርጎ አውሮፕላኖች ዋና ወለል ላይ ደግሞ የሚረጭ ነገር ጭራሽ የለም፤ መፍትሔው አየሩን አውጥቶ እሳቱን ማፈን ነው። ስለዚህ መከላከያው ከመሬት ሳይነሳ ያለው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ባትሪው የሚይዘውን ጉልበት በዋት ሰዓት ያስሉ። ፓወር ባንኩ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ካለ 20 ብለው ይያዙትና በ3.7 ቮልት ያባዙት፤ 74 ዋት ሰዓት ነው። 30,000 የሚል ከሆነ 111። የአደገኛ ዕቃ የአየር ጭነት ደንቦች ድንበር ከሚያደርጓቸው ቁጥሮች አንዱ 100 ነው፤ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ይታሸጋሉ ማለት ነው። ቀጥለው ባትሪው ብቻውን ነው ወይስ ዕቃ ውስጥ ተገጥሞ ብለው ይለዩ። ፓወር ባንክ በደንቡ ዓይን ራሱ ባትሪ ነው፤ «ኤሌክትሮኒክስ» ተብሎ አይጻፍም። ለብቻው የሚላክ ሊቲየም አዮን ባትሪ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ አይጫንም። በካርጎ አውሮፕላን ሲሄድም ሙላቱ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍኑ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ በማያስተላልፍ ነገር ይጠቅልሉ። ያበጠ፣ የተወጋ ወይም ውሃ የገባበት ስልክና ባትሪ በአየር አይላክም። ለጥገና የሚመለስ ዕቃ ሲያሽጉ በተለይ ይህን ይጠንቀቁ፤ ተበላሽቶ ነው የሚመለሰው።

ባትሪ የሌለበትም እሳት አለ። ለቡና ተብሎ ከጀበናውና ከረከቦቱ ጋር የሚታሸግ ከሰል ራሱን በራሱ የማጋል ጠባይ አለው። ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም፣ የፀጉር ስፕሬይ፣ ላይተር፣ ቲነር ሁሉም መግለጫ ይጠይቃሉ። አረቄን በተመለከተ መስመሩ የአልኮል መጠኑ ነው፤ ከ24 በመቶ በላይ እስከ 70 በመቶ የሆነው ከ5 ሊትር ባልበለጠ ዕቃ ሲታሸግ አደገኛ ዕቃ ተብሎ አይቆጠርም፤ ከ70 በላይ የሆነው ይቆጠራል። የቤት ዳግም አረቄ ጠርሙሱ ላይ መጠኑ አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ ማስረዳቱ የላኪው ዕዳ ነው። ሜርኩሪ አይቃጠልም፤ ግን ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ብረቱን ስለሚበላው የአውሮፕላን ጠላት ነው። ትንሽ ጠብታ ወለል ሥር ብትገባ አውሮፕላኑ ከሥራ ይወጣል።

ያገለገለ ጄኔሬተር ወይም የሞተር ብስክሌት ሞተር ሲልኩ ታንኩን ያፍስሱ። ከዚያ የነዳጅ ቱቦውን ይንቀሉ፤ የካርቡሬተሩን የታች ጽዋ ፈትተው ያድርቁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ክዳኑን ከፍተው ለጥቂት ቀናት አየር ያስመቱት። ባትሪውን ይንቀሉ። ደርቋል ማለት ግን ከመግለጫ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ሞተር መሆኑንና ምን ነዳጅ ይዞ እንደነበር ይጻፉ።

የአደገኛ ዕቃ መግለጫውን የሚፈርመው የሠለጠነ ሰው መሆን አለበት፤ ሥልጠናውም በየ24 ወሩ ይታደሳል። ስታዲየምም ይሁን ሜክሲኮ ቢሮ ያለው ትራንዚተር ሲይዙ የምስክር ወረቀቱን ቀን ማየት ነውር አይደለም። «የግል ዕቃ»፣ «ልዩ ልዩ»፣ «መለዋወጫ» የሚሉ ቃላት ምንም አይናገሩም። «የመኪና መለዋወጫ» ከማለት «የበር እጀታ 40፣ የአየር ማጣሪያ 25» ይበሉ።

በእጅዎ የሌሉት

ብዙ የካርጎ አውሮፕላኖች መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረው የተቀየሩ ናቸው። እርጅና ብቻውን አይጥልም፤ ያልታየ ስንጥቅና ያልተቆለፈ ብሎን ግን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1992 አምስተርዳም ላይ የወደቀው 747 የሞተር ማንጠልጠያ ፒኖቹ ደክመው ሁለት ሞተር ከቀኝ ክንፉ ጣለ፤ 43 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ፎቅ ቤት ውስጥ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳክራሜንቶ አጠገብ የወደቀው ዲሲ-8 የጅራቱን መቆጣጠሪያ የሚያያይዝ አንድ ብሎን በወጉ ባለመያዙ ነው። ድካምም አለ፤ ጭነት በሌሊት ነው የሚበረው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2013 በርሚንግሃም፣ አላባማ ላይ ኤርባስ ኤ300 የወደቀው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ መርማሪዎቹ ያልተረጋጋ አቀራረብንና ድካምን አንስተዋል። ወፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ብራስልስ ላይ አንድ 747 ሞተሩ ወፍ ውጦ፣ አብራሪዎቹ ከመወሰኛው ፍጥነት (ከታለፈ ወዲያ መነሳት ከማይሰረዝበት) በኋላ መነሳቱን ሰረዙ፤ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው አልፎ ተሰበረ። ቄራ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን አሞራ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

ዜና ሲሰሙ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው በየትኛው የበረራ ደረጃ ላይ ወደቀ የሚለው ነው። በመነሳት ላይ ከሆነ ክብደት፣ ሚዛን፣ ማሰሪያ፣ የተሳሳተ ቁጥር ወይም ሞተር ይጠረጠራሉ። ከፍታውን ይዞ በመደበኛ በረራ ላይ ሳለ አብራሪው ጭስ እንዳለ ከተናገረ እሳት። በማረፍ ላይ ከሆነ አየር ሁኔታ፣ ድካም፣ አቀራረብ። ይህ ጥርጣሬ ነው፤ ፍርድ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ የመጀመሪያው ሪፖርት በ30 ቀን ውስጥ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከተቻለ በ12 ወር ውስጥ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ይዘገያል።

ለዚህም ነው ሰነድ አያያዝ ከማሸጉ እኩል የሚቆጠረው። ካርቶኑ ሳይዘጋ ውስጡን፣ ተዘግቶ ሚዛን ላይ እንዳለ ቁጥሩን፣ ጎኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች፣ መኪና ላይ ሲወጣ ሁኔታውን ፎቶ ያንሱ። ከኤር ዌይ ቢሉና ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር በአንድ ፋይል ያኑሩት። የአደገኛ ዕቃ ሰነድ ቢያንስ ሦስት ወር መቀመጥ አለበት ይላል ደንቡ። ሦስት ወር ያንሳል፤ የምርመራውን ርዝመት ካሰቡ ሁለት ዓመት ያቆዩት።